«ጠንካራ ሙጫ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም

የንፋስ ተርባይን ክንፍ ከሩቅ ስታዩት አንድ ወጥ ይመስላል አይደል? አብዛኛው ግን ሁለት የፋይበርግላስ ቅርፊት በሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ነው። የሙጫው ጥንካሬ ብዙውን ጊዜ የሚለካው 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ስስ ሙጫ ባላቸው ትንንሽ ናሙናዎች ነው። ትልቅ ክንፍ ላይ ግን የሙጫው ውፍረት ከ10 ሚሊሜትር ሊያልፍ ይችላል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሙጫ ሲጠነክር ይኮማተራል፤ ቅርፊቱ ስለሚይዘው ገና ነፋስ ሳይነካው ውስጡ ይወጠራል። ሲወፍር ደግሞ የአየር አረፋ በቀላሉ ይቀርበታል። ክንፉ ለ20 ዓመት ያህል መቶ ሚሊዮን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ሲተጣጠፍ፣ ከአረፋው የተነሳ ስንጥቅ ቀስ እያለ ወደ ቅርፊቱ ሊሻገር ይችላል። ናሙናን አንዴ ጎትቶ መበጠስ ይህን አያሳይም። እናም የጥንካሬ ቁጥር ሲያሳዩአችሁ «በምን ውፍረት? ስንት ጊዜ ተወጥሮ?» ብላችሁ ጠይቁ።