ኤርሁ፣ ማሲንቆ እና የተጋነነው መመሳሰል

«ይሄማ የእኛው ትዝታ ነው!» የቻይና ዜማ በተሰማበት የሐበሻ ቤት ሁሉ ይህች ፍርድ አትጠፋም። በሳዑዲዋ ደማም ከሥራ መልስ በሞባይል ፊልም በሚታይበት ክፍልም፣ ዓርብ ማታ ኒስፍ አልቀመር የባሕር ዳርቻ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ በተቀመጠ ቤተሰብ መካከልም ሰምቻታለሁ። እ.ኤ.አ. 2025 የሳዑዲና የቻይና የባህል ዓመት ተብሎ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ በዚህ አገር የቻይና ጥበብ እንግዳ መሆኑ እየቀረ ስለመጣ፣ ፍርዷም አብራ በርክታለች። ተናጋሪዎቹ ከልባቸው ነው፤ ደስታቸውም እውነተኛ ነው። ሆኖም ከምትገልጠው የምትሸፍነው ይበልጣል ባይ ነኝ። የሁለቱ ሕዝቦች ሙዚቃ ዝምድና አለው፤ ግን ሰው ሁሉ ጣቱን በሚቀስርበት ቦታ አይገኝም።

የሚቀርበው ማስረጃ አምስቱ ድምፅ ነው። የትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ከቻይናው የጎንግ ስልት ጋር እርከን በእርከን ይገጥማል፤ ይህ አያከራክርም። ችግሩ የሚመጣው ሌሎቹን ቅኝቶቻችንን ስንጠይቅ ነው። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ገና ከመነሻው ድምፅ ተነሥተው የሚረግጡት ግማሽ ድምፅ ነው። ባቲም በተለመደው አቃኛኘቱ በሚ እና በፋ መካከል ያለችውን ጠባብ እርምጃ ይዟል። የቻይናው መሠረታዊ ባለ አምስት ድምፅ ስልት ግን ግማሽ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ «የእኛ» የምንለው ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች የአንዱን፣ ያውም የሜጀሩን መልክ ብቻ ነው። ያንኑ ስልት ደግሞ ሱዳንም ስኮትላንድም ስለሚጠቀሙበት፣ በእሱ ዝምድና ከቆጠርን ማንንም ከቤተሰቡ ልናስቀር አንችልም። ድምፆቹ ዕቃ ናቸው፤ ትልቁ ጥያቄ ዕቃው ውስጥ የሚደረገው ምንድን ነው የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ከጆሮ ይልቅ ዓይን ይረዳናል። የሁለቱን ተጫዋቾች ግራ እጅ እንመልከት። የቻይናው ኤርሁ ሁለት ክር አለው፤ የደጋኑ ጭራ በሁለቱ ክሮች መካከል ስለሚያልፍ ተጫዋቹ ሊያነሣው ቢፈልግ እንኳ ከመሣሪያው አይወጣም። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው ያለው፤ ደጋኑም ነፃ ነው። የኤርሁ ገላ የዘንዶ ቆዳ ለብሷል፤ የማሲንቆው አራት ማዕዘን ሳጥን የከብት ወይም የፍየል ቆዳ። እስከዚህ ድረስ ልዩነት ነው። አንድ ነገር ግን ፍጹም አንድ ነው፦ በሁለቱም ላይ ጣት ክሩን ተጭኖ እንጨቱ ድረስ አያደርሰውም። ቫዮሊን ላይ ክሩ በጣትና በእንጨት መካከል ተጣብቆ ይቆማል፤ ድምፁም እዚያው ይረጋል። ኤርሁና ማሲንቆ ላይ ግን ክሩ አየር ላይ ነው። ጣት ትንሽ ጠበቅ ሲል ድምፁ ሽቅብ ይላል፣ ላላ ሲል ይወርዳል። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መሄጃው መንገድም መዝለል ሳይሆን መንሸራተት ነው። እንጉርጉሮ የምንለው ነገር ሰውነት የሚያገኘው በዚያች የጣት ጥብቀትና ልልነት ነው። አድማጩ የቻይናውን ዜማ ሰምቶ ሆዱ የሚላወሰው በዶ ሬ ሚ ሶል ላ ምክንያት ቢሆን ኖሮ በፒያኖ ሲመታለትም እኩል ይላወስ ነበር። አይላወስም።

ይህን ለማየት ከሁዋ የንጁን የተሻለ ምስክር የለም። በቅጽል ስሙ አቢንግ የሚባለው ይህ የኤርሁ ተጫዋች በ1893 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በዉሺ ከተማ ተወለደ። አባቱ የዳዎ ሃይማኖት ካህን ስለነበር ሙዚቃን የተማረው ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ በዉሺ ጎዳናዎች እየተጫወተ ኖረ። በ1950 የሙዚቃ ምሁራኑ ያንግ ዪንሊውና ጻዎ አንኸ የሽቦ መቅረጫ ይዘው መጥተው በኤርሁ ሦስት፣ በፒፓ (በጣት በሚመታው የቻይና ባለ ክር መሣሪያ) ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ዜማ ቀረጹለት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ሞተ። ከስድስቱ አንዱ «ኧርጿን ዪንግዩዌ» ነው፤ ስሙን ያገኘው በዉሺ ካለው ምንጭና ምንጩ ላይ ከሚያርፈው ጨረቃ ነው።

ይህ ዜማ ዛሬ በታላላቅ ኦርኬስትራ ይቀርባል፤ ብዙ ሰውም የሚያውቀው እንደዚያ ተውቦ ነው። የማያወላውል ፍርዴን ልናገር፦ ኦርኬስትራው ዜማውን ገድሎታል። አርባ ቫዮሊን አንድ ላይ ሲያለቅስ ልቅሶው የማንም ሳይሆን ይቀራል። የ1950ው ቅጂ ግን ይሻክራል፤ ከዜማው ሥር የመቅረጫው እሽታ ይሰማል። አቢንግ ክሮቹን ከተለመደው ዝቅ አድርጎ ስለቃኘ ድምፁ ወፍራምና ጉሮሮ ውስጥ የሚቀር ነው። አንዱን ዜማ እያነሣ እየጣለ ደጋግሞ ይዞርበታል፤ በዞረ ቁጥር ደጋኑ ይበረታል፣ ዜማው ከፍ ወዳለው ቦታ ይወጣል፣ ከዚያ ጫፍ ላይ ሳይቆይ ይመለሳል። ለቅሶን የሚያውቅ ሰው እንደዚህ ነው የሚያለቅሰው፤ እየተመለሰ። ስለ አቢንግ የተጻፈው ብዙ ነገር የዓይነ ስውሩን ለማኝ ታሪክ አስቀድሞ ሙዚቃውን የመከራው ማስረጃ ያደርገዋል። እኔ ግን የማደንቀው መከራውን አይደለም፤ እያንዳንዱን ዙር ከቀደመው በአንዲት ጣት መንሸራተት ብቻ የለየበትን ልቦና ነው።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው አቢንግን ሲሰማ የሚያውቀው ነገር ያገኛል፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ግጥሙ። እኛ ዘንድ ማሲንቆ የቃል አገልጋይ ነው። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ሲሰጥ፣ አዝማሪው እስኪቀበለው ድረስ ደጋኑ አንዲት አጭር ዜማ እየደጋገመ ጊዜውን ይጠብቃል። ጆሯችን ያለው የስንኙ ወርቅ ላይ ስለሆነ ያን መጠበቅ ማንም አያዳምጠውም። እውነተኛው የማሲንቆ ጥበብ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው፤ በስንኝና በስንኝ መካከል።

ኤርሁም ከጥንት ጀምሮ ለብቻው የቆመ አልነበረም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የኦፔራ አጃቢና የጎዳና ተጫዋች ዕቃ ነበር። ልዩ ቲየንኋ የተባለ የዉሺ ጎረቤት አውራጃ ሰው በ1920ዎቹ በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ፣ ቫዮሊንም እየተማረ፣ ለኤርሁ አሥር ዜማና 47 መለማመጃ ጻፈ። በ1932 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ሲሞት መሣሪያው ለብቻው መድረክ ላይ መቀመጥ ጀምሮ ነበር። ከቫዮሊን የወሰደው የማስተማሪያ ሥርዓቱን ነው፤ በአየር ላይ ያለውን ክር ግን አልነካውም።

በልብ ወለድም ይኸው መንሸራተት ይታየኛል። ቻይናዊው ደራሲ ሞ ያን «የሰንደል ሞት» የተባለውን የ2001 ልብ ወለዱን ከሁለት ድምፆች እንደተነሣ ራሱ ጽፏል፤ ከባቡር ድምፅና ማዎጭያንግ ከሚባለው የትውልድ አካባቢው ኦፔራ። ጀርመኖች ሀዲድ ሲዘረጉ የተቃወመ የኦፔራ ዘፋኝ ታሪክ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሲናገሩ ዓረፍተ ነገሩ ሳይታሰብ ወደ ዜማ ይንሸራተታል። በፊልም ደግሞ አንግ ሊ በ2000 ለሠራው «ክራውቺንግ ታይገር፣ ሂድን ድራገን» ታን ዱን ያዘጋጀው ሙዚቃ ኦስካር አግኝቷል። እዚያ ዮ ዮ ማ በቼሎው የኤርሁን መንሸራተት ለመከተል የሚያደርገው ጥረት በግልጽ ይሰማል። አዲስ አበባ ቪዲዮ ቤት ውስጥ በካራቴ ፊልም ያደገው ትውልዳችን ዓይኑን ከቡጢው ለአፍታ ቢያነሣ ኖሮ ይህንን ጆሮ ቀደም ብሎ ባገኘው ነበር።

ከዚህ በኋላ የምለው ይከብደኛል። ዘመድ ፍለጋ ቻይና ድረስ የምንሄድ እኛ፣ ኮበርና ደማም እየኖርን የምንረግጠውን አሸዋ ሙዚቃ አናውቀውም። ረባባ የተባለው የበደዊን መሣሪያ አንድ የፈረስ ጭራ ክር አለው፤ ገላው በቆዳ የተለበጠ አራት ማዕዘን ነው፤ ደጋኑ ነፃ ነው፤ የሚያጅበውም ባለቅኔን ነው። ለማሲንቆ ከኤርሁ እጅግ የሚቀርበው የሥጋ ዘመዱ ይህ ነው። አሠሪን ስለምንፈራው፣ አገሩንም ከድካምና ከናፍቆት ጋር ስለምናያይዘው ይሆናል ጆሯችንን የነፈግነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ግን የሩቁን አድንቆ የቅርቡን አለመስማት ለጥበብ ፍቅር አይመጥንም።

አሸናፊ ከበደ ከመመሳሰል አልፎ በጥሞና የማዳመጥን መንገድ ጀምሮት ነበር። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበረው ይህ ሰው «ኮቱራዢያ» በተባለው ሥራው የጃፓኑን ኮቶ ከፍሉት፣ ከክላሪኔትና ከቫዮሊን ጋር አጣምሯል። «ይመሳሰላሉ» ብሎ አላለፈም፤ መሣሪያዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ምን እንደሚሆኑ ሰምቷል። የሙዚቃ ደራሲው ሃሊም ኤል ዳብህ በ1963 የመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም የየክፍለ ሀገሩን መሣሪያ አንድ መድረክ ላይ ሰብስቧል። የሚቀረው ማሲንቆን ከአጃቢነት አውጥቶ ያለ ቃል ማዳመጥ ነው። ማሲንቆ በያሬድ ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ እጁ የሰላ ወጣት አዝማሪም አይጠፋም። ልዩ ቲየንኋ ለኤርሁ እንዳደረገው፣ በስንኝና በስንኝ መካከል ያለችውን ያችን አጭር የደጋን ዜማ ይዞ እስከ መጨረሻዋ ድረስ የሚከተላት፣ ለማሲንቆ ብቻ መለማመጃና ዜማ የሚጽፍ ሰው ያስፈልገናል።