መልእክት ፍለጋ የጠፋብን ንባብ

ከክፍል ስንወጣም ሆነ የምግብ ወረፋ ይዘን ስንቆም ስለ ድርሰት የምናወራው ሁሉ ቢጠራቀም አንዲት ጥያቄ ላይ ያርፋል፤ «መልእክቱ ምንድን ነው?» የምትለዋ ላይ። ግጥምም ይሁን ልብ ወለድ ወይም ቴያትር፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት መክፈቻ ይዘን እንዞራለን። ቆርቆሮውን ከፍተን አንድ ዓረፍተ ነገር እናወጣና ቆርቆሮውን እንወረውረዋለን። «ፍቅር እስከ መቃብር» ምንድን ነው? የባላባቱን ሥርዓት ያጋልጣል። «ጦቢያ»ስ? ሃይማኖትን ይሰብካል። «ያላቻ ጋብቻ»? የመደብ ልዩነትን ይነቅፋል። አለቀ! ፈተናውም የሚጠይቀው ይኸንኑ ስለሆነ ማንም ማንንም አይወቅስም።

እኔ በበኩሌ ይህ አነባበብ መጽሐፉን ያሳጣናል ባይ ነኝ። ድርሰት መልእክት የለውም ለማለት አይደለም፤ እንዲህ የሚል ካለ እሱም ሌላ መክፈቻ ይዞ የሚዞር ሰው ነው። ክርክሬ ሌላ ነው። ግጥም፣ ልብ ወለድና ቴያትር ከአንባቢያቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር አይደለም። ግጥም ጆሮ ይፈልጋል፤ ልብ ወለድ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ቴያትር ደግሞ ዓይንና ጓደኛ ይፈልጋል። ሦስቱንም በአንድ ወንፊት ስናበጥር የሚቀርልን ገለባው ነው። ይህን በየተራ ላሳይ፤ ምሳሌዎቼ ሁላችንም «አውቃቸዋለሁ» የምንላቸው ናቸው።

ስለ ግጥም

የአማርኛ ግጥም የተወለደው ከአፍ እንጂ ከወረቀት አይደለም። ለቅሶ ላይ የምታወርደው አልቃሽ፣ የሚፎክረው ጀግና፣ በማሲንቆ የሚጫወተው አዝማሪ፣ ሁሉም የሚናገሩት ፊት ለፊታቸው ላለ ሰው ነው። የቅኔው ደግሞ ይብሳል። ባለቅኔው ቆሞ ይቀኛል፤ ሰሚው ሰሙንና ወርቁን እዚያው በቆመበት በጆሮው መለየት አለበት። «እስቲ ያንን ገጽ መልስልኝ» ብሎ ነገር የለም።

ታዲያ እኛ ይኸን የጆሮ ልጅ በዓይን ብቻ እናነበዋለን። «ወል ቤት» የምንለውን ስንኝ ውሰዱ። ስድስት ቀለም ይልና ትንፋሽ ይወስዳል፤ ከዚያ ሌላ ስድስት። ለማስረጃ ያህል ይቺን የራሴን ተራ ስንኝ ድምፅ አውጥታችሁ በሏት፦

ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ውኃ ጠማው አገር

ስንኟ ምንም አይደለችም። ነገር ግን «ሳለ» ላይ ስትደርሱ አፍ ትንሽ ይቆማል፤ ጆሮ ደግሞ «ሳለስ ምን ሆነ?» እያለ ይጠብቃል። ያቺ መጠበቅ ናት ግጥሙን ግጥም የምታደርገው። «የውኃ ሀብታችን አልለማም» ብላችሁ መልእክቱን ብታወጡት ያቺ መቆም የት አለች? ጠፍታለች። መልእክቱማ በጋዜጣ ርእሰ አንቀጽም ይገኛል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህን የትንፋሽ ነገር ጠንቅቆ ያውቀዋል። በስሙ «የጸጋዬ ቤት» እየተባለ የሚጠራው ረጅም ስንኝ ስምንት ቀለም ብሎ ያርፍና ሌላ ስምንት ይደግማል። በ1966 ዓ.ም. የታተመውን «እሳት ወይ አበባ» ጮክ ብሎ ለማንበብ የሞከረ ሰው ደረቱ ይመሰክራል። ስንኙ ቶሎ አያሳርፍም፤ ሐሳቡ ሲከብድ ትንፋሹም አብሮ ይረዝማል፤ ተናጋሪው ሲጨነቅ አንባቢውም አየር ያጥረዋል። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ሁሉም ቦታ ሠምሮለታል ብዬ ግን አልፈርምም። አንዳንድ ጊዜ በረጅሙ ስንኝ ውስጥ ቃል በቃል ላይ ሲከመር ድምፁ ይግልና ስሜቱ ይታፈናል። ይህንንም ቢሆን በዓይን ብቻ የሚያነብ አይደርስበትም፤ የሚያውቀው የጮኸ ሰው ነው።

በሌላው ዳር መንግሥቱ ለማ አለ። «ባሻ አሸብር ባሜሪካ» የተባለው ግጥሙ ከጨዋታ የራቀ አይደለም፤ ቡና ላይ ተቀምጦ የሚያወጋ ሰው ድምፅ አለው። ኩሩ ኢትዮጵያዊ አሜሪካ ሄዶ ከቀለም ልዩነት ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። ማጠቃለያ ጻፍ ቢሉኝ «ዘረኝነትን ይቃወማል» ብዬ እገላገላለሁ። ጓደኞችን ሰብስቦ ያነበበው ሰው ግን መጀመሪያ ሳቅ ይሰማል፤ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ዝምታ። ሳቃችን በማን ላይ ነው? በሰዎቹ ጭካኔ ላይ ነው? ወይስ በባሻ አሸብር ኩራት፣ ማለት በራሳችን ላይ? መልእክት ፈላጊው ወደዚህ ጥያቄ አይደርስም፤ ምክንያቱም ከመሳቁ በፊት ጽፎ ጨርሷል።

ስለ ልብ ወለድ

ልብ ወለድ የሚለውን ስም ራሱን ያገኘነው ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው ይባላል። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታትሞ የወጣውና ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ርእስ ነበረው። ከእሱ 58 ዓመት በኋላ በ1958 ዓ.ም. የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጣ። ሁለቱን በተከታታይ ሳነብ ዓይኔ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ክፍል ውስጥ ሲነገር ሰምቼው አላውቅም።

ጦቢያ ወንድሟን ፍለጋ ከቤት ስትወጣ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ሰብለ ወንጌል በዛብህን ተከትላ ወደ አዲስ አበባ ስትነሣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ መስላ ነው። በመካከላቸው ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ አለ፤ አንደኛዋ በተረት አገር፣ ሁለተኛዋ ጎጃም ውስጥ ናት። ሆኖም ሁለቱም መንገድ የሚወጡት ሴትነታቸውን ሸፍነው ነው። በአማርኛ ልብ ወለድ ሴት ልጅ ደጅ ለመውጣት የይለፍ ወረቀቷ የወንድ ልብስ ነው ማለት ነው!

ከዚህ በላይ የሚገርመው ደግሞ የልብሱ መጨረሻ ነው። በጦቢያ ማታለሉ ወደ ሠርግ ያደርሳል። አንዲት ልዕልት ጦቢያን ወንድ መስላት ታፈቅራለች፤ ነገሩ ይገለጣል፤ በመጨረሻ ወንድሟ ዋሕድ ልዕልቲቱን፣ ጦቢያ ደግሞ ንጉሡን አግብተው ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። በሰብለ ግን ልብሱ የሚያደርሳት በቁስል ከተያዘው በዛብህ አጠገብ፣ ከዚያም ወደ መቃብር ነው። አፈወርቅ ልብሱን ለጨዋታ ተጠቀመበት፤ ሐዲስ ልብሱ የሚያስከፍለውን ዋጋ አስከፈለው። የአማርኛ ልብ ወለድ ከተረት ወደ ሐዘን የተሻገረበት ድልድይ የት ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ እዚህ ነው እለዋለሁ። «ሃይማኖትን ይሰብካል»፣ «ባላባትን ያጋልጣል» ብቻ እያልን ብንሄድ ግን ሁለቱ መጻሕፍት ለዘለዓለም አይተዋወቁም።

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጥቂት ልጨምር፤ መቼም ከሁሉ በላይ የምናወራለት ያነሰ የምናነበው እሱ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ካነበበው ነው። ወጋየሁ ድንቅ ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻን በድምፁ ብቻ ወንበር ላይ ያስቀምጣቸዋል። ነገር ግን ሲያነብልን የሚፈጥነውም የሚዘገየውም እሱ ነው። ልብ ወለድ ደግሞ አንባቢው ራሱ ቆሞ ወደ ኋላ ሊመለስበት፣ ሊሰለችበት፣ ሊቆጣበት የሚገባ ነገር ነው።

እኔ ለምሳሌ በጉዱ ካሳ እቆጣለሁ። ሁላችንም የምንወደው እሱን ነው፤ የምንጠቅሰውም እሱን ነው። የፊታውራሪው ዘመድ ሆኖ የሥርዓቱን ጉድ ይናገራልና አገሩ «ጉዱ» ብሎታል። ንግግሩ ሲረዝም ግን ሰውየው ወደ ኋላ ይቀርና ደራሲው ራሱ ወደ ፊት ይመጣል፤ ልብ ወለዱ ቆሞ ትምህርት ይጀመራል። ይህ አንድ ጉድለት ነው። ሌላው ግን ጉድለት አይመስለኝም፦ ጉዱ ካሳ ሁሉን ያውቃል፣ ሁሉን ይናገራል፤ ተነሥቶ ገበሬውን የሚመራው ግን አበጀ በለው ነው። የሚናገረውና የሚያደርገው አንድ ሰው አይደለም። እኛ ጉዱ ካሳን የወደድነው በምን ምክንያት ይሆን? ያወቀውንና የተናገረውን ሰው መውደድ ለተማሪ አይከብድም፤ መስተዋት ነዋ!

ከሁሉ ይልቅ የሚቆጠቁጠኝ ደግሞ በዛብህ ነው። ብዙ ጊዜ የሰብለና የበዛብህ ፍቅር የተሰበረው በፊታውራሪው ትዕቢት ነው እንላለን። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት። በዛብህ ሰብለን ከማየቱ አስቀድሞ የታሰረ ሰው ነው። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። ስእለቱን የገባው እሱ አይደለም፤ የሚከፍለው ግን እሱ ነው። ያሠሩት ሰዎች ደግሞ ጨካኞች አይደሉም፤ እነ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚሳሱለት ወላጆቹ ናቸው። የፊታውራሪ መሸሻ ዓይነቱን ሥርዓት የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ አፍርሶታል። ወላጅ በፍቅር የገባውን ስእለት የሚሽር ዐዋጅ ግን አልወጣም።

እስቲ በየመኝታ ክፍላችን ያለነውን እንቁጠር። «ሐኪም ይሆናል» ተብሎ የተላከ አለ። ታናናሾቿን እንድታስተምር ተቆጥራባት የመጣች አለች። ሥነ ጽሑፍ መምረጡን ለቤተ ሰቡ ያልተናገረም አይጠፋም። በፍቅር የተገባ ስእለት ተሸክሞ የመጣ ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የድሮ ታሪክ ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም። መጽሐፉ ሕያው የሆነው በዚህ በኩል ይመስለኛል። ይኸንን ግን የሚያሳየን «መልእክቱ» አይደለም፤ ከበዛብህ ጋር ረጅሙን መንገድ በእግር መሄድ ነው።

ስለ ቴያትር

ቴያትር ከሦስቱ ሁሉ የተበደለ ነው፤ ምክንያቱም እንደ ልብ ወለድ ብቻችንን፣ እንደ ማስታወሻ ቶሎ ቶሎ እናነበዋለን። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ሲያሳዩ የመንግሥት ሹማምንት ተቆጡ፤ ቴያትር መሥራትም ተከለከለ። አውሬ አውሬን ሲያማ በወረቀት ቢነበብ ማን ይቆጣ ነበር? የተረት መጽሐፍ መስሎ ያልፍ ነበር። ነገር ግን ሰው ቆሞ፣ ሰው እያየው፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሹም ሲስቅ ወይም ሳቁን ሲውጥ እየታየ ሲነገር ሌላ ነገር ይሆናል። የቴያትር ኃይሉ እዚህ ላይ ነው፦ ማን እንደሳቀ ሁሉም ያያል።

ወደ መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ልመለስ። ባሕር ማዶ የተማረ የትልቅ ቤት ልጅ ገጠር ገብቶ ያስተምራል፤ ገረዱን ለማግባት ይነሣል፤ አክስቱ ይመጣሉ። «የመደብ ልዩነትን ይነቅፋል» ብሎ ለማለፍ የሚመች ነው። እኔ ግን ሁለት ሰዎች ቆመው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ፤ የሚያነቡትም አንዲት ነገር እንዲያዳምጡ፦ ማን ማንን «አንተ» ይላል? ማንስ ማንን «እርስዎ» ይላል? በአማርኛ መደብ ያለው በመሬት ይዞታ ብቻ አይደለም፤ በግሡ መጨረሻ ላይ ተሰክቶ ይኖራል። ትናንት እግር ታጥብ የነበረች ሴት ዛሬ ሚስት ስትሆን ባሏን ምን ብላ ትጥራው? «አንተ» ለማለት አፏ ይታዘዝላታል? የተማረው ሰውዬ እኩልነትን በመጽሐፍ ያውቀዋል፤ እሷ ግን በየዓረፍተ ነገሩ መሻገር አለባት። ይህን ጭንቀት ተዋናይዋ በአንዲት የድምፅ መሰንጠቅ ልታሳየን ትችላለች። በማጠቃለያ ወረቀት ላይ ግን ቦታ የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

«ጊዜ የለም፤ አንዱን ቅጂ ለስንት እናንብበው?» የሚል እንደሚኖር ዐውቃለሁ። እውነቱን ነው። ግን የቅጂ ማነስ እንዲያውም እኔ ለምለው ነገር ይመቻል። አንድ መጽሐፍ ለዐሥር ሰው ከሆነ አንዱ ያንብብ፤ ዘጠኙ ይስሙ። ግጥሙን በየተራ እንበለው፤ የቴያትሩን ገጸ ባሕርያት እንከፋፈል፤ ልብ ወለዱን ደግሞ እየተዋዋስን ሳንቸኩል እንጨርስ። ስንገናኝም «መልእክቱ ምንድን ነው?» በሚለው ፈንታ «የት ላይ ቆምክ? የት ላይ ሳቅሽ? ማን አናደደህ?» እንባባል። መልእክት ካለ ያኔ ራሱ ይመጣል፤ ሲመጣም የእኛ ይሆናል እንጂ ከደብተር የተቀዳ አይሆንም።

ከዚህ ክፍል ከወጣን በኋላ ብዙዎቻችን የምንሄደው ወደ ማስተማር ነው። ዛሬ ያልሰማነውን ግጥም ነገ ለልጆች «ጭብጡን ጻፉ» ብለን ብቻ ካስተላለፍነው፣ መጻሕፍቱ በመደርደሪያ ላይ ሳሉ ንባቡ ይቋረጣል። በጉዱ ካሳ የተቆጣሁት አግባብ አይደለም የሚል፣ ወይም በዛብህን ያሰረው ስእለቱ ሳይሆን ፊታውራሪው ነው የሚል ካለ ብዕሩን ያንሣ። ብቻ እባካችሁ፣ መጀመሪያ መጽሐፉን ያንብብ።