«በልኩ ጠጡ» ሲባል ልኩ ስንት ነው?

ከመገናኛ ታክሲ ተራ ወደ ኮተቤም ሆነ ወደ 22 ብትሄዱ ድራፍት ቤት አታጡም። «አንድ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚል ሰውም አታጡም። ግን አንድ ምን? አንድ ጃምቦ? አንድ ብርሌ? የአረቄዋ ብርጭቆማ ስሟ ራሱ «መለኪያ» ነው፤ ምን እንደለካች ግን አትናገርም።

«በልኩ ጠጡ» የሚለው ምክር ውሸት አይደለም። ጉድለቱ ልኩን አለመናገሩ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የመጠጡን መጠን በሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በአልኮል መቶኛው አባዙ፣ ለ100 አካፍሉ፣ ውጤቱን በ0.8 አባዙ፤ ንጹሑን አልኮል በግራም ታገኛላችሁ። 5 በመቶ የሆነ የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ገደማ ይይዛል። ግማሽ ሊትር ድራፍት 20 ግራም ነው። ብርሌው 300 ሚሊ ሊትር ቢይዝና ጠጁ 10 በመቶ ቢሆን 24 ግራም ይሆናል። 45 በመቶ የሆነ አረቄ ደግሞ በ50 ሚሊ ሊትር ብቻ 18 ግራም አለው። አያችሁ? ትንሿ መለኪያ ከጠርሙስ ቢራ ትበልጣለች!

እንግሊዞች 8 ግራሙን «አንድ ዩኒት» ይሉታል። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው በግምት ይህችኑ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለት ብርሌ ጠጅ (48 ግራም) ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት የጠጣ ሹፌር እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አልጠራም ማለት ነው። ቡና ንቁ ያስመስለው ይሆናል እንጂ ጉበቱን አያፈጥንለትም።

እሺ፣ ገደቡስ? እዚህ ላይ ዩኒትም ትችት አያመልጥም። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 በሳምንት ከ14 ዩኒት (112 ግራም) አትለፉ አለች። በ2023 የወጣው የካናዳ መመሪያ ግን ዝቅተኛ አደጋ የሚለው በሳምንት እስከ ሁለት መጠጥ፣ ማለትም 27 ግራም ገደማ ነው። የሰው ጉበት በአገር አይለያይም፤ የተለያየው «ይሄን ያህል አደጋ እንቀበል» የሚለው ውሳኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ለጤና ምንም የማያሰጋ የአልኮል መጠን የለም ብሏል፤ አልኮል ካንሰር አምጪ ነውና። ገደብ አደጋን ይቀንሳል እንጂ ዋስትና አይሰጥም።

በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ እርምጃ ነው። ግን ጠርሙሱ መቶኛውን ቢነግረንም ግራሙን ማስላት ለጠጪው ተትቷል። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ደግሞ መቶኛም የላቸውም፤ ጥንካሬያቸው ከቤት ቤት፣ ከጥንስስ ጥንስስ ይለያያል። ምክር ሰጪዎች ከውጭ የመጣውን ዩኒት ከመድገም ይልቅ ብርሌውንና መለኪያውን በግራም ቢያስረዱን ይሻላል።

እስከዚያው «አንድ ብቻ» ሲባል «ስንት ሚሊ ሊትር? ስንት በመቶ?» ብላችሁ ጠይቁ። መኪና ለሚነዳና ለነፍሰ ጡር ግን ሂሳብ አያስፈልግም፤ ልኩ ዜሮ ነው።