የ«ታላቁ ነጭ ዝምታ» ምስክርነት

እውነተኛውን ታሪክ አሳያለሁ የሚል ፊልም፣ ካሜራው ያልደረሰበትን ነገር እንዴት አድርጎ ያሳያል? እንግሊዛዊው ኸርበርት ፖንቲንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. ያወጣው ድምፅ አልባ ፊልም፣ «ታላቁ ነጭ ዝምታ»፣ ይህን ጥያቄ ያስነሣል። ፖንቲንግ በ1910 ዓ.ም. ካፒቴን ሮበርት ስኮት ቴራ ኖቫ በምትባል መርከብ ወደ ደቡብ ዋልታ አገር ሲዘምት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ አብሮት ሄደ። ስኮትና አራት ጓደኞቹ በጃንዋሪ 1912 ዓ.ም. ከዋልታው ሲደርሱ የኖርዌዩ አሙንድሰን ከአንድ ወር በፊት ቀድሟቸው አገኙ፤ ሲመለሱም አምስቱም በመንገድ ሞቱ። ፖንቲንግ ግን ከባሕሩ ዳር ሠፈር ቀርቶ ነበርና ከዚህ ሁሉ ያየው የለም።

እርሱ ራሱ ያየው ክፍል እጅግ ያማረ ነው። ከመርከቢቱ ጎን ወደ ውጭ በወጣ ሳንቃ ላይ ሆኖ፣ የመርከቢቱ አፍንጫ በረዶውን ሲሰነጥቅ ያነሣውን ማየት ብቻ ይበቃል። ፔንጉዊኖቹን በሚመለከተው ክፍል ግን በሥዕሎቹ መካከል የሚገቡት ጽሑፎች ወፎቹን እንደ ሰው እየቈጠሩ ይቀልዳሉ፤ ቀልዱም ቶሎ ይሰለቻል።

ያላየውን በካርታ፣ በትንንሽ ምስሎችና በፎቶግራፍ ሞልቶታል። በዚህ የሚታለል ተመልካች የለም፤ ካርታ ካርታ ነው። ከባዱ ጉዳይ የድንኳኑ ሥዕል ነው። ስኮት፣ ዊልሰን፣ ባወርስና ኤድጋር ኢቫንስ በበረዶ ላይ የሚንሸራተተውን ስሌጅ ሲጎትቱ፣ ድንኳን ሲተክሉ፣ ምግብ አብስለው ሲበሉ ይታያሉ። ይህ የተነሣው ጉዞው ሳይጀመር፣ በ1911 ዓ.ም. በሠፈሩ አጠገብ፣ ለካሜራው ተብሎ ነው። እንግዲያስ ሐሰት ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን አልስማማም፤ ሰዎቹ ያሳዩት የገዛ ሥራቸውን በገዛ እጃቸው ነውና።

ጉድለቱ ሌላ ነው። ስኮት ዋልታ የሚደርሱትን ሰዎች ለይቶ የወሰነው በ1912 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ መንገዱ ሊያልቅ ሲቃረብ ነበር። ስለዚህ በድንኳኑ ሥዕል ካሉት አራቱም ከአምስቱ መካከል መገኘታቸው አጋጣሚ ነው። አምስተኛው፣ ኦትስ፣ የለም። ለጓደኞቹ ሸክም እንዳይሆን ብሎ ከድንኳኑ ወደ ማዕበሉ የወጣው እርሱ ነው። ተመልካቹ የመጨረሻውን መከራ በነዚህ አራት ፊቶች ሲያስብ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚነገርለት ሰው ከድንኳኑ ጐድሎ ይቀራል።

ከአራቱ ሦስቱ፣ ስኮት፣ ዊልሰንና ባወርስ፣ በኖቬምበር 1912 ዓ.ም. በድንኳን ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ ስንቅ የተከማቸበት ስፍራ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር የቀራቸው። የብሪታንያ ፊልም ተቋም ፊልሙን በ2010 ዓ.ም. አድሶ፣ ቀለሙን መልሶ፣ አዲስ ሙዚቃ ጨምሮበታል። ሙዚቃው አይከፋም። የድንኳኑን ክፍል ግን ሙዚቃውን ዘግቶ ማየት ይሻላል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው አራት ሰዎች ተጠጋግተው ሲበሉ ብቻ ነው።