«የባላገር አነጋገር» በትርጕም ሥራና በመዝገበ ቃላት

በ1913 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ የበቃው የበርናርድ ሾው «ፒግማሊዮን» ስለ አንዲት የለንደን አበባ ሻጭ አነጋገር የተጻፈ ተውኔት ነው። ልጅቱ በቃል መነሻ ያለውን «ህ» ስለምትጥል ትናቃለች። ይህን ተውኔት ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ በማን አንደበት ያናግራት? ቀላሉ መንገድ በቀልድ መድረኮቻችን የተለመደው ነው፤ ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ በገጠር አማርኛ ይናገራሉ፤ ተመልካቹም የነገሩን ፍሬ ሳይሰማ ይሥቃል። እኛ ይህን መንገድ እንነቅፋለን።

በመጀመሪያ፣ ድምፁ ራሱ የሚያሥቅ አይደለም። የ«ሐ»ን፣ የ«ኀ»ንና የ«ዐ»ን የጥንት ድምፆች የከተማው አማርኛም ትቶአቸዋል፤ «ዐይን»ን «አይን» ብሎ በሚያነብ ምሁር ግን ማንም አይሥቅም። በጣና ዳር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎችም የቀድሞ ቋንቋቸውን ትተው አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል፤ ንቀቱ ግን በዚህ አልቀረላቸውም። እንግዲህ የሚናቀው ድምፁ ሳይሆን ተናጋሪው ነው።

ሁለተኛ፣ የለንደኗ ልጅ አነጋገር የኑሮ ደረጃን ያመለክታል፤ የገጠሩ አማርኛ ግን አገርን ያመለክታል። በጣና ምዕራባዊ ዳር በምትገኘው በደልጊ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ካህኑም «እሺ» ለማለት «እሽ» ይላሉ። በጎንደር፣ በወሎና በመንዝ ገጠር «ከመጣ» በማለት ፈንታ «ተመጣ» የሚሉ አሉ፤ ይህም የራሱን ደንብ የጠበቀ እንጂ ስሕተት አይደለም። አበባ ሻጭዋን በደልጊ አንደበት ያናገረ ተርጓሚ፣ ሾው ያልጻፈውን ፍርድ በአንድ አገር ሕዝብ ላይ ጽፎአል።

ስለዚህ ተርጓሚው የኑሮን ልዩነት በ«አንተ»ና በ«እርስዎ» አጠቃቀም፣ በቃላት ምርጫና በራሱ በከተማው የመንደር ቋንቋ ቢያሳይ ይሻላል። መዝገበ ቃላት አዘጋጂም ለእንዲህ ዓይነቱ ቃል «የባላገር» የሚል ምልክት ከማኖር ይልቅ ቃሉ የሚነገርበትን አገር ስም ቢጠቅስ፣ ለእውነትም ለጥናትም የቀረበ ይሆናል። «ታንኳ»ንና «ደንገል»ን ለመዝገባችን እየተቀበልን በጣና ዳር ሰው አንደበት መሣቅ አይገባንም። ደግሞም «ባላገር» ማለት በቃሉ አፈጣጠር «ባለ አገር» ማለት ነው፤ ወደ ስድብነት ያወረደው የተናጋሪው አፍ ሳይሆን የሰሚው ጆሮ ነው።