እናት የሌለችበት መዝገብ

መዝገብም እንደ ልብ ወለድ ሒስ ሊቀርብበት ይገባል። ማንን እንደሚያስገባ፣ ማንን ከደጅ እንደሚያስቀር የወሰነ አርቃቂ አለውና። ዛሬ የምንመለከተው «ቪካርድ» የተባለውን፣ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች የሰዎችን ስምና አድራሻ የሚለዋወጡበትን ደንብ ነው። አራተኛው እትሙ በ2011 እ.ኤ.አ. አር ኤፍ ሲ 6350 በሚል ቁጥር ወጥቷል።

ደንቡ ሰው ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነት ለመመዝገብ 20 ቃላት ያቀርባል። የቤተሰብ የሆኑት 5 ብቻ ናቸው፤ ወላጅ፣ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ፣ እንዲሁም ወንድምንም እህትንም በአንድነት የሚጠራ፣ በአማርኛ ነጠላ አቻ የሌለው ቃል። ፍቅረኛና በልብ የተመኙት ሰው ሳይቀሩ ቦታ አግኝተዋል። እናትና አባት ግን የሉም።

ለዚህ አሠራር ጥሩ መከራከሪያ አለ። ጾታ ለብቻው በየሰው ካርድ ላይ ይሰፍራል። «ወላጅ» እና «ሴት» ሲገናኙ «እናት» ይሆናሉ። ዝምድናው ራሱ «እናት» ተብሎ ቢጻፍ ግን ጾታ በሁለት ቦታ ይመዘገባል፤ አንዱ ሲሳሳት መዝገቡ እናቲቱን ወንድ ይላታል። ደግሞም ዝምድና ከሁለት ወገን የሚነበብ ነገር ነው። «ወላጅና ልጅ» በሚል አንድ ጥንድ የሚያልቀው ጉዳይ፣ እናትና ወንድ ልጅ፣ እናትና ሴት ልጅ፣ አባትና ወንድ ልጅ፣ አባትና ሴት ልጅ እየተባለ አራት ይሆናል።

አማርኛም ለዚህ ሐሳብ ባዳ አይደለም። «አያት» ስንል ወንድ ትሁን ሴት አልተናገርንም። «አንተ» እና «አንቺ» የሚለዩት ጾታ፣ አክብረን «እርስዎ» ስንል ይሰወራል።

ታዲያ ጉድለቱ የቱ ላይ ነው? ደንቡ በከፈተው ሁለተኛ በር ላይ ነው። ዘመድየው የራሱ ካርድ ከሌለው ስሙን ብቻ መጻፍ ይፈቀዳል። እንግዲህ «ወላጅ፦ ደስታ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ደስታ ማን ናት? ወይስ ማን ነው? ስሙ የወንድም የሴትም ነው። ጾታው የሚሰፍርበት ካርድ ደግሞ አልተከፈተም።

የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በእኛ ልማድ ግን ከራስ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው፤ ከዚያም የአባት አባት። ሚስትም በባሏ ስም አትጠራም። ስለዚህ አባት ማንም ሳይመዘግበው በልጁ ስም ውስጥ ይኖራል። እናት ግን በስም ውስጥ ቦታ የላትም። በአድራሻ መዝገብ ልትገኝ የምትችለው በዝምድናው ረድፍ ብቻ ነው፤ እዚያም ማንነቷ ባልለየ «ወላጅ» ከተሸፈነች፣ ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚከፍት የልጅ ልጅ አያቱን ፈልጎ አያገኛትም።

የሆነው ሆኖ ደንቡ ጾታን ከዝምድና መለየቱ ልክ ነው፤ ሥራውን ግን በግማሽ ተወው። በአማርኛ የአድራሻ መዝገብ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሌላውን ግማሽ ሊሞሉት ይችላሉ። ለተጠቀሰው ዘመድ ሁሉ፣ በሕይወት ባይኖርም እንኳ፣ የራሱ ካርድ ይከፈትለት፤ ጾታውም እዚያው ይጻፍ። «እናት» የሚለውን ቃል ኮምፒዩተሩ ከሁለቱ አጣምሮ ያውጣ። የወለደች ሴት ስልክ ስለሌላት ብቻ ከመዝገብ ልትቀር አይገባም።