የጉግል አርማ፦ ቀለሙ የተሸከመው ፊደል

ስድስት ፊደል፣ አራት ቀለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ጉግል ይፋ ያደረገው የጽሑፍ አርማ ይኸው ነው። በየዕለቱ ዓይናችን ሥር ስለሚያልፍ ረጋ ብለን አላየነውም እንጂ ሊመረመር የሚገባው ሥራ ነው። እኔ ቀለሙን አደንቃለሁ፤ በፊደሉ ግን አዝናለሁ።

ከቀለሙ ልጀምር። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ እንደገና ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ በመጨረሻ ቀይ። አርማው ከ1998 ማብቂያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ቢታደስም ይህ አደራደር አልተነካም። ሦስቱ መሠረታዊ ቀለሞች ተራቸውን ጠብቀው ይመጡና ኤሏ ላይ ስንደርስ ቅልቅሉ አረንጓዴ ሥርዓቱን ይሰብረዋል። እሷን ቀይ፣ ተከታዩን ፊደል ቢጫ አድርጋችሁ አስቡት፤ ሦስት ቀለም ሁለት ጊዜ የተደገመበት ተራ ሰንሰለት ይሆናል። አርማውን ሕያው ያደረገችው ያቺ አንዲት ፊደል ናት። ቢጫዋ ኦ ግን በነጭ ገጽ ላይ ትደክማለች፤ ይህ ጉድለት እስካሁን አልታረመም።

ፊደሉ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ሩት ኬዳር በ1999 የነደፈችው አርማ ካቱል በተባለ የፊደል ቅርጽ የተሠራ ነበር። ጭረቱ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፤ ብራና ላይ በመቃ ብዕር እንደተጻፈ ቁም ጽሕፈት የእጅ ግፊት ይታይበታል። የ2015ቱ አርማ ያንን ሁሉ ትቶ ወደ ክብና ወደ ቀጥታ መስመር ገባ። ለዚህ ምክንያት አልጠፋም። የቬክተር ሥዕል የሚቀመጠው በነጥብና በኩርባ ስሌት ስለሆነ ቅርጹ በቀለለ ቁጥር ፋይሉ ያንሳል፤ ኩባንያው የቀድሞው 14,000 ባይት ያህል ሲሆን፣ ለአዲሱ 305 ባይት ብቻ የሚይዝ ቅጂ ማዘጋጀቱን ገልጿል። በደካማ ኔትወርክ ገጽ ለሚከፍት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ከድሮው ጠባይ የተረፈችው ዘንበል ያለችው የመጨረሻዋ ኢ ብቻ ናት። ቀለሙን አንስታችሁ በጥቁር ብታዩት ከብዙ ኩባንያዎች አርማ የሚለየው ጥቂት ነው።

በአንድ ነገር ግን ነዳፊዎቹን ልከላከል። ከጽሑፍ አርማው ተለይታ ለብቻዋ የምትቆመው የጂ ምልክት ፍጹም ክብ አይደለችም ብለው የተቹ አሉ። ትክክል የሆኑት ነዳፊዎቹ ናቸው፤ ፊደል የሚለካው በኮምፓስ ሳይሆን በዓይን ነው።

ኢሉስትሬተር ወይም ኢንክስኬፕ ከፍታችሁ የአማርኛ ስም በቀለም የምትነድፉ ባለሙያዎች ሆይ፣ ፊደሉን መጀመሪያ በጥቁር ብቻ ሥሩት። ራሱን ችሎ ሲቆም ቀለሙን አምጡ፤ ለዘመናዊነት ብላችሁም የግዕዙን ወፍራምና ቀጭን ጭረት አትላጩት።